ማተሚያ የሚተከልበት ቦታ፦ ስለ ተከላ መመሪያ ቃላት አመራረጥ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትልቅ የኢንዱስትሪ ማተሚያ ከመተከሉ በፊት የሥራው ቦታ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት የሚያስረዱ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያጋጥሙትን የቃላት ችግሮች መመርመርና ለዋና ዋናዎቹ የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ ጠባብ ይመስላል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ መመሪያ ውስጥ ተርጓሚው የመረጠው ቃል ከወረቀት ላይ ወርዶ ሥራ ይሆናል። ግንበኛው በዚያ ቃል ሲሚንቶ ያፈስሳል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዚያ ቃል ገመድ ይዘረጋል፤ የማተሚያው ሠራተኛም በዚያው ቃል ተማምኖ እጁን ወደ ሩሎው ይሰዳል። በልብ ወለድ ትርጉም ያለ ቦታው የገባ ቃል የአንባቢውን ደስታ ይቀንሳል፤ በተከላ መመሪያ ያለ ቦታው የገባ ቃል ግን የሰው ጣት ወይም ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ለምርመራችን ምሳሌ እንዲሆን አንድ ማተሚያ በደባርቅ ወይም በዳባት ይተከላል ብለን እንነሣ። ሁለቱም ከተሞች ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። ዳባት ከ2,500 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። መንገዱ ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕርና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ይህን አካባቢ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የማተሚያ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጻፉት ለዝቅተኛ አገር ስለሆነ ደጋው የተርጓሚውን ቃል አጥብቆ ይፈትነዋል። ሁለተኛ፣ ከከተማ የራቀ ባለ ማተሚያ ሊቅ ባለሙያ በየቀኑ ሊያገኝ ስለማይችል፣ በእጁ ያለው መመሪያ ከሌላው ይበልጥ በራሱ መቆም ይኖርበታል።

2. ማተሚያ፣ መኪና፣ ማሽን

ሥራው የሚጀምረው ከመሣሪያው ስም ነው። «አተመ» የሚለው ግስ ከግዕዙ «ኀተመ» የወረደ ሲሆን፣ የጥንት ፍቺው ዘጋ፣ አሸገ፣ በማኅተም ደመደመ ማለት ነው። የማኅተም ቅርጽ በሰም ወይም በወረቀት ላይ አርፎ ምልክቱን እንደሚተው ሁሉ የብረት ፊደልም በወረቀት ላይ አርፎ ምልክቱን ይተዋልና፣ ግሱ ያለ ብዙ ችግር ለኅትመት ሥራ ተሸጋገረ። ከዚህም አታሚ፣ አሳታሚ፣ ኅትመት፣ እትም፣ ማተሚያ የሚሉት ቃላት ተወለዱ። አንድ ሥር ይህን ያህል ሲራባ፣ ሽግግሩ ከቋንቋው ባሕርይ ጋር የተስማማ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ሆኖም «ማተሚያ» የሚለው ስም አንድ ችግር አለበት። በአማርኛ በ«መ» ተጀምረው በ«ያ» የሚጨርሱ ስሞች መሣሪያንም ቦታንም ይጠራሉ። «መጥረጊያ» መሣሪያ ነው፤ «ማረፊያ» ቦታ ነው፤ «ማብሰያ» ግን ድስቱም ክፍሉም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ማተሚያው በንጽሕና ይያዝ» የሚል ትእዛዝ አዳራሹ ይጠረግ ወይስ ብረቱ ይወልወል አይለይም። ለቦታው «ማተሚያ ቤት» የሚለው ስም ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ጸንቷል። በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይህን ስም በአገሩ ሁሉ አስለምዷል። ለመሣሪያው ግን ሲነገር የኖረው «የማተሚያ መኪና» ነበር።

«መኪና» ከጣልያንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን በመጀመሪያ ለማናቸውም በሞተር ወይም በእጅ ለሚሽከረከር መሣሪያ ያገለግል ነበር። የልብስ ስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና የዚያ ዘመን ቅሬቶች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ያለ ቅጽል ሲነገር በመንገድ ላይ የሚሄደውን ተሽከርካሪ ብቻ የሚያመለክት ሆነ። እንግዲህ በተከላ ቀን ማተሚያው በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ፣ መመሪያው «መኪናው ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት በሩ ይለካ» ቢል፣ የሚለካው ለየትኛው መኪና ነው? ስለዚህ በአሁኑ አጻጻፍ «ማተሚያ ማሽን» የሚለውን እንመርጣለን። ከመጀመሪያው ገጽ በኋላም ጽሑፉ እንዳይረዝም «ማሽኑ» ብሎ መቀጠል ይቻላል። «መኪና» በስፌትና በጽሕፈት መሣሪያ ስም ውስጥ እንደ ኖረ ይቀጥል፤ በተከላ መመሪያ ውስጥ ግን ለተሽከርካሪው ብቻ ይተው።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። ለአማርኛ ቃላት ጥናት ምሰሶ የሆኑት መጻሕፍት ከማተሚያ አዳራሽ ቢወጡም፣ የአዳራሹ የራሱ ቃላት በአብዛኛው የኖሩት በፊደል ለቃሚው፣ በአራሚው፣ በጠራዡና በማሽን ሠራተኛው አንደበት ነው። የሊቃውንቱ ቃል በመጽሐፍ ተጠብቋል፤ የሠራተኛው ቃል ግን አሁንም ሰብሳቢ ይፈልጋል።

3. «ተከላ» ምን ምን ይዟል?

አማርኛ ከባድ መሣሪያን ቦታ ለማስያዝ የሚጠቀምበት ግስ «ተከለ» ነው። ችግኝ ይተከላል፤ ምሰሶ ይተከላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ደብርም ይተከላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ የሚተከለው ነገር ከመቆሙ በፊት መሬቱ ይዘጋጃል። ችግኝ ያለ ጉድጓድ፣ ድንኳን ያለ ካስማ አይተከልም።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየን ሸማኔው ነው። ሸማኔ ዕቃውን ከመትከሉ በፊት እግሩ የሚገባበትን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ያያል፤ ድሩ የሚወጠርበትን ርዝመት ይለካል፤ እጁ መወርወሪያውን ሲልክ ግድግዳ እንዳይነካ ያስተውላል። የዛሬው የማተሚያ መመሪያ በብዙ ገጽ የሚዘረዝረው ነገር በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ወለሉ፣ ብርሃኑ፣ ርዝመቱና መላወሻው ናቸው።

በመሆኑም የቦታ ዝግጅቱንና የማሽኑን መቆም ለየብቻ መጥራት በሚያስፈልግበት ጊዜ «የተከላ ቦታ ዝግጅት» እና «ተከላ» እንዲባሉ እናሳስባለን። ልዩነቱ ለውል ጭምር ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ኃላፊነት ሲሆን ሁለተኛው የሻጩ ነውና። ሁለቱን በአንድ «ተከላ» ጠቅልሎ የተረጎመ ሰው ወለሉን ማን ያጠናክር የሚለውን ጥያቄ ለክርክር ይተወዋል።

4. ወለልና ልክ

አነስተኛ የኦፍሴት ማሽን እንኳ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ባለ ብዙ ቀለም ትልልቆቹ ደግሞ በብዙ ዐሥር ቶን የሚቆጠር ክብደት አላቸው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ወለሉ ስለሆነ፣ ስለ ወለል የሚነገሩ ቃላት መለየት አለባቸው።

«ወለል» የቤት ውስጥ መርገጫ ነው። «መሠረት» ከወለሉ በታች ሸክሙን ወደ አፈር የሚያስተላልፈው ግንባታ ነው። ለከባድ ማሽን ከሕንፃው ወለል የተለየ የራሱ መሠረት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ይህም «የማሽን መሠረት» ሊባል ይገባዋል። ግንበኞቻችን ለዚህ ሥራ የተሟላ ቃል አላቸው። አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ቡሎን ሁሉም ከጣልያንኛ የገቡ ሲሆኑ በካቦውና በቀን ሠራተኛው መካከል ያለ አስተርጓሚ የሚሠሩ ቃላት ናቸው። ካቦ የሚለው ቃል ራሱም ከዚያው የመጣ ነው። «አርማታ» የሚለውን ትቶ «በብረት የተጠናከረ የሲሚንቶ ድብልቅ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አማርኛውን ያበለጸገ ይመስለዋል፤ ካቦው ግን ይህን አንብቦ «አርማታ ማለቱ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወለሉ ከየትኛውም ወገን ያላዘነበለ መሆኑን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ «ደረጃ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዙ አገላለጾች ሲፈጠሩ እናያለን። «ደረጃ» መወጣጫም ማዕረግም የጥራት መለኪያም በመሆኑ እዚህ ቦታ አይመችም። «ደልዳላ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ደልዳላ መስክ ጥቂት ተዳፋት ሊኖረው ይችላል። ግንበኛው ያለው ቃል ከሁሉም ይሻላል፤ እርሱም «ውሃ ልክ» ነው። ውሃ ልክ የመሣሪያውም የውጤቱም ስም ነው፤ «ወለሉ በውሃ ልክ ይሁን» ሲባል የሚጠራጠር የለም። ለቁሙ አቅጣጫ ደግሞ «ቱንቢ» አለ። ይህ ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ አሞጽ ውስጥ ስለሚገኝ ከሥራ ቦታም ከመጽሐፍም የተመሰከረለት ነው።

የክፍሉን ልክ በሚመለከት ሦስት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው «ስፋት» ነው። ስፋት የጎን ርዝመትንም በካሬ ሜትር የሚለካውንም መጠን ስለሚጠራ፣ ለመጀመሪያው «ወርድ»፣ ለሁለተኛው ብቻ «ስፋት» እንዲባል እናሳስባለን። ሁለተኛው «ጣሪያ» ነው። ጣሪያ ቆርቆሮውም ከውስጥ የሚታየውም ሊሆን ይችላል። ማሽኑን ለማንሣትና ክፍሎቹን ለመፍታት ከላይ የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ የሚለካው እስከ ኮርኒሱ ስለሆነ «ከወለል እስከ ኮርኒስ» ተብሎ ይጻፍ፤ ኮርኒስ ከሌለ እስከ ዝቅተኛው ተሸካሚ እንጨት ወይም ብረት ተብሎ ይገለጽ። ሦስተኛው በማሽኑ ዙሪያ ለሠራተኛው የሚተወው ክፍት ቦታ ነው። ለዚህ «ክፍተት» የሚለው ቃል ሲጻፍ እናያለን፤ ነገር ግን ክፍተት ጉድለት ወይም ስንጥቅ የሚል ስሜት አለው። አማርኛ «መላወሻ አጣ»፣ «መፈናፈኛ የለውም» ይላል። «መላወሻ» ሰው ሥራውን እየሠራ የሚንቀሳቀስበት ቦታ መሆኑን በራሱ ስለሚናገር፣ «በማሽኑ በስተኋላ የአንድ ሜትር መላወሻ ይተው» ቢባል ቦታው ለምን እንደሚተው ጭምር ይታወቃል። እዚያ ቦታ የወረቀት እሽግ ለመደርደር የሚያስብ ሰውም ከቃሉ ተግሣጽ ያገኛል።

5. ከፍታ፣ ጠለልና የደጋ አየር

«ከፍታ» የሚለው ቃል በአንድ መመሪያ ውስጥ ለሁለት ነገር ሲውል አደገኛ ይሆናል። «ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ» ስለ አገሩ ነው፤ «የክፍሉ ከፍታ» ስለ ኮርኒሱ ነው። ስለዚህ ለክፍልና ለማሽን «ቁመት»፣ ለአገር ብቻ «ከፍታ» እንበል። ከዚሁ ጋር «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለው የተለመደ አነጋገር መታረም ይገባዋል። ወለል የታችኛው መርገጫ ከሆነ የባሕር ወለል ማለት የባሕሩ ሥር ነው። የውሃው የላይኛው ገጽ «ጠለል» ስለሆነ «ከባሕር ጠለል በላይ» ትክክለኛው ነው። የማሽን ወለልና የባሕር ወለል በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ልዩነቱን መጠበቅ የሊቅነት ጌጥ ሳይሆን የንባብ ግዴታ ይሆናል።

ከፍታው በመመሪያ ውስጥ የሚጠቀስበት ምክንያት ለደባርቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሽንብራና ባቄላ ግን ለመብሰል ይዘገያል። በ2,800 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ስለሚሆን ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ይኸው ስስ አየር ሞተርንም ይጎዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚነፍሰው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚወስድለት ያንሳል። በዚህም ምክንያት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት የተለመዱ ሞተሮች አቅም የሚገለጸው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሞተሩ ጭነት መቀነስ ወይም ከፍ ያለ አቅም ያለው ሞተር መመረጥ አለበት።

እዚህ ላይ የተርጓሚው ፈተና ይመጣል። ለቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ ከፍታን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ በመጨረሻው ገጽ በትንሽ ፊደል ሊጠቅሰው ይችላል። ለአማርኛ አንባቢ ግን አዲስ አበባም ጎንደርም ደብረ ብርሃንም ደሴም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ልዩው ሁኔታ ዋናው ሁኔታ ነው። የአገራችን ሰው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ አገሩን ሲከፍል የኖረው ለሰብልና ለከብት ብቻ አይደለም፤ በየእርከኑ ነገር ሁሉ ባሕርዩን እንደሚለውጥ ስላወቀ ነው። ስለዚህ «በደጋ አገር የሚተከል ማሽን» የሚል ንዑስ ርእስ በአማርኛው መመሪያ ቢጨመር፣ ተርጓሚው ከመጽሐፉ ወጣ የሚያሰኘው አይሆንም። በደባርቅና በድብ ባሕር መካከል ያለው መንገድ ብዙ ባይርቅም፣ ሊማሊሞን የወረደ ሰው አየሩ በምን ያህል እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ማሽኑም ያውቃል።

ሁለተኛው የአየር ጉዳይ እርጥበት ነው። ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሲስብ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በባለ ብዙ ቀለም ኅትመት ወረቀቱ በትንሹ እንኳ ልኩን ከለወጠ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ በትክክል አያርፍም። ስለዚህ የማተሚያ አዳራሽ በአብዛኛው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ45 እስከ 55 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት እንዲኖረው ይመከራል። በስሜን ግርጌ ግን ክረምቱ ጉምና ዝናብ ነው፤ በጋው ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው።

«እርጥበት» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቀመጥ በግድግዳ ውስጥ ያለውንም፣ በወረቀት ውስጥ ያለውንም፣ በአየር ውስጥ ያለውንም ስለሚጠራ፣ ለሦስተኛው «የአየር እርጥበት»፣ በመቶኛ ሲለካ ደግሞ «አንጻራዊ እርጥበት» እንዲባል ይገባል። በተጨማሪ አንድ መልካም የአገር ቃል አለን፤ እርሱም «ጤዛ» ነው። በሊማሊሞ ብርድ ያደረ ማሽን ወደ ሞቀ አዳራሽ ገብቶ ወዲያው እሽጉ ቢፈታ፣ በብረቱ ላይ የውሃ ጠብታ ይቋጠራል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ይበላሻሉ። ይህን «የእንፋሎት ወደ ፈሳሽነት መለወጥ» ብሎ መተርጎም ለፊዚክስ መጽሐፍ ያስኬዳል። ለተከላ መመሪያ ግን «ማሽኑ ጤዛ እንዳይቋጥር እሽጉ ሳይፈታ በአዳራሹ ውስጥ ይቆይ» ማለት ይበቃል፤ በማለዳ ሣር ላይ የሄደ ሁሉ ይረዳዋልና። ወረቀቱም እንዲሁ እሽጉን ሳይለቅ የአዳራሹን ሙቀት እንዲለምድ ይደረጋል። «መልመድ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ ከማናቸውም አዲስ ቃል ይበልጣል።

6. መብራት፣ ንዝረትና መሬት

ከሁሉም የሚያሰጋው የኤሌክትሪኩ ክፍል ነው፤ እዚህ ሦስት የታወቁ ቃላት ሦስት ወጥመዶች ናቸው።

ሀ. መብራት። አማርኛ ተናጋሪ «መብራት ጠፋ» ሲል የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ ማለቱ ነው። ቃሉ ከአምፖሉ ወደ ኃይሉ ተስፋፍቷል። ስለዚህ «ክፍሎቹን ከመንካትዎ በፊት መብራት ያጥፉ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሠራተኛ የአዳራሹን አምፖል አጥፍቶ በጨለማ ወደ ሕያው ኮረንቲ እጁን ሊሰድ ይችላል። «የማሽኑ ዋና ኮረንቲ ይቆረጥ» መባል አለበት። ኮረንቲም ከጣልያንኛ የገባ ቃል ቢሆንም ከ«ኃይል» ይልቅ እዚህ ቦታ ይመረጣል፤ ኃይል የጉልበትም የሥልጣንም ስም ነውና።

ለ. ንዝረት። ለከባድ ማሽን መንቀጥቀጥ «ንዝረት» የሚለው ቃል በጽሑፍ እየተለመደ መጥቷል። ነገር ግን «ነዘረ» በሕዝብ አነጋገር ኮረንቲ ሰውን ሲመታ የሚነገር ግስ ነው፤ «ነዘረኝ» ያለ ሰው ማሽኑ ተንቀጠቀጠ ማለቱ አይደለም። «ማሽኑ መጠነኛ ንዝረት ቢኖረው አያሳስብም» የሚል ዐረፍተ ነገር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጆሮ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በተከላ መመሪያ ለማሽንና ለወለል «መንቀጥቀጥ»፣ ለኮረንቲ ብቻ «ንዝረት» እንዲባል አጥብቀን እናሳስባለን። በፊዚክስ መማሪያ የተወሰነው ስያሜ በቦታው ይጸናል፤ አንድ ቃል በመማሪያ ክፍል ደኅና ሆኖ በማሽን አጠገብ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም።

ሐ. መሬት። የማሽኑ አካል በስሕተት ኮረንቲ ቢያገኝ፣ ኮረንቲው ሰውን ሳይመታ ወደ አፈር እንዲሄድ የሚያደርግ ገመድ አለ። ብዙ ተርጓሚዎች ይህን ለመግለጽ «ማሽኑን ከመሬት ጋር ማያያዝ» ይላሉ። በዚያው መመሪያ ሌላ ገጽ ላይ ግን ማሽኑ በቡሎን ከወለሉ ጋር እንዲታሰር ይታዘዛል። ሁለቱን ያነበበ ግንበኛ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ሁለቱንም ትእዛዝ ፈጸምሁ ብሎ በንጹሕ ልብ ይሄዳል። ማሽኑ ከመሬት ጋር ተያይዟል፤ ነገር ግን የመከላከያ ገመድ የለውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይህን ገመድ «ኧርዝ» ይሉታል። «የኧርዝ መስመር» እንዲባል የምንመርጠው ለባዕድ ቃል ስለምናደላ አይደለም። ቃሉ በአማርኛ ሌላ ፍቺ ስለሌለው፣ የማያውቀው ሰው ሊገምተው አይችልም፤ ሊጠይቅበት ግን ይገደዳል። በዚህ ቦታ መጠየቁ ነፍስ ያድናል።

የማተሚያ ማሽኖች በአብዛኛው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ፤ ይህም በአገራችን 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ «ኸርዝ» እና «ኧርዝ» በድምፅ መቀራረባቸው ስለማይቀር፣ «ኧርዝ» ብቻውን ሳይሆን ምንጊዜም «የኧርዝ መስመር» ተብሎ ይጻፍ።

7. ከምርመራው የሚገኝ መመሪያ

ከላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች ሦስት የአሠራር ደንቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ቃሉን የሚጠቀምበት ሰው ይጠየቅ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ በተካሄደው የሙያ ቃላት ሥራ አዲስ ቃል የማውጣት ስልት ብዙ ፍሬ ሰጥቷል፤ ድግግሞሽንና አሟሚን የመሳሰሉ ስያሜዎች ዛሬ ያለ እነርሱ የሳይንስ ትምህርት የሚቸግር ሆነዋል። ለተከላ መመሪያ ግን አስቀድሞ ወደ ግንበኛው፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ወደ ማተሚያ ሠራተኛው መሄድ ያስፈልጋል። ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ መላወሻና ጤዛ እዚያው ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ናቸው።

ሁለተኛ፣ አንድ ቃል በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፍቺ አይኑረው። ስፋት፣ ከፍታ፣ መብራት፣ ንዝረትና መሬት እያንዳንዳቸው ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ክፋታቸው ከሌላው ፍቺያቸው ጋር በአንድ ክፍል መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ የቃል ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ይመዘን።

ሦስተኛ፣ የውሰት ቃል በአመጣጡ አይፈረድ። አርማታ ከሠራተኛው ጋር አርጅቷልና የአማርኛ ቃል ነው። ኧርዝ ገና እንግዳ ቢሆንም እንግድነቱ ይጠቅማል። የሚመዘነው አንባቢው ቃሉን አንብቦ ትክክለኛውን ሥራ መሥራቱ ነው።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

መላወሻ — በማሽን ዙሪያ ለሠራተኛ መንቀሳቀሻ የሚተው፣ ዕቃ የማይቀመጥበት ቦታ።
ማተሚያ ማሽን — የማተሚያ መሣሪያው ራሱ፤ ቦታው ማተሚያ ቤት ይባላል።
መንቀጥቀጥ — ማሽን ሲሠራ በራሱና በወለሉ ላይ የሚታይ ፈጣን እንቅስቃሴ።
ቁመት — የክፍል ወይም የማሽን የቁም ልክ።
ንዝረት — ኮረንቲ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ምት።
አንጻራዊ እርጥበት — አየሩ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እርጥበት የያዘው መጠን በመቶኛ።
ከፍታ — የአገር ልክ ከባሕር ጠለል ወደ ላይ።
ወርድ — የክፍል ወይም የማሽን የጎን ርዝመት፤ በካሬ ሜትር የሚለካው ስፋት ይባላል።
ውሃ ልክ — ከየትኛውም ወገን ያላዘነበለ፤ ደግሞም ይህን መለኪያ መሣሪያ።
የማሽን መሠረት — ለከባድ ማሽን ከሕንፃው ወለል ተለይቶ የሚሠራ መሠረት።
የተከላ ቦታ ዝግጅት — ማሽኑ ከመድረሱ በፊት በቦታው ላይ የሚፈጸም ሥራ ሁሉ።
የኧርዝ መስመር — ከማሽን አካል ወደ አፈር የሚወርድ የመከላከያ ገመድ።
ጤዛ — በቀዘቀዘ ብረት ላይ ከሞቀ አየር የሚቋጠር የውሃ ጠብታ።

ዝርዝሩ ገና ጅምር ነው። ስለ ቀለም፣ ስለ ማጠቢያ ፈሳሾችና ስለ እሳት መከላከያ የሚነገሩ ቃላት ራሳቸውን የቻሉ ጥናት ይፈልጋሉ። እስከዚያው ድረስ የተከላ መመሪያ የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ረቂቃቸውን ለኅትመት ከመላካቸው በፊት ለአንድ ግንበኛና ለአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው፣ ከዚያም «ይህን ስትሰማ ምን ታደርጋለህ?» ብለው እንዲጠይቋቸው አደራ እንላለን። መልሱ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ የሚታረመው ቃሉ ነው።